የጫጉላ ስንቅ

ሰው ለሰው የሚሰጠው ስጦታ ብዙ ዓይነት ነው። ለታመመ የሚሰጥ አለ፤ ላዘነ የሚሰጥ አለ፤ ከመንገድ ለመጣ እንግዳም የሚሰጥ አለ። ከሁሉ ይልቅ ግን የሰጪውን አሳብ ገልጦ የሚያሳየው ለሙሽሮች የሚሰጠው ስጦታ ይመስለናል። ሙሽሮች ገና ቤት ያላቆሙ ስለ ሆኑ፣ ዘመድ የሚያመጣላቸው ነገር ሁሉ «እንዲህ ሆናችሁ ኑሩ» የሚል ምክር አለበት። በሬ የሰጠ እረሱ ማለቱ ነው፤ ላም የሰጠ ወልዳችሁ ክበዱ ማለቱ ነው፤ ምጣድና ድስት የሰጠ እንግዳ ተቀበሉ ማለቱ ነው። እንግዲህ በዚህ ዘመን ሙሽሮች ራሳቸው «በሬውም ላሙም ይቅርብን፤ ይልቁንስ ለጫጉላ ሽርሽራችን የመንገድ ወጪ ስጡን» ብለው ሲጠይቁ የዘመድ ምክር ወዴት ይገባል? ስለዚህ ጉዳይ፣ ከራሳችን ኑሮ ያገኘነውን ጨምረን፣ ለአንባብያን ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

እኛ ስንል ባልና ሚስት ነን። ሁለታችንም በመምህርነት ሥራ የምንተዳደር፣ ኑሯችን ባሕር ዳር የሆነ፣ ባል የጋይንት፣ ሚስት ደግሞ የእስቴ ተወላጆች ነን፤ በስማዳም በእናት ወገን ዘመዶች አሉን። ሦስቱ አገሮች በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ጎን ለጎን የሚገኙ ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ እስቴንና ላይ ጋይንትን ከፋርጣ ጋር ያገናኛል። ከእርሱ የሚመነጩት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ፣ በማዶ ያለው ውሃ ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ አባይ ይወርዳል። ስለዚህ በደጋው ገብስና ድንች የሚያበቅል፣ በቆላው ማሽላ የሚዘራ፣ አንዱ የሌላውን ገበያ የሚሻ ሕዝብ ነው። በጋብቻም እንዲሁ ከጥንት ጀምሮ የተሳሰረ ነው።

በነዚህ አገሮች፣ እንደ ብዙው የአማራ አገር ሁሉ፣ የጋብቻ ስጦታ በየስሙ የተለየ ነው። ጥሎሽ የሚባለው ወንዱ ለሙሽራይቱ የሚያመጣው ልብስና ጌጥ ነው። ቀሚሱ፣ ኩታው፣ ጫማው፣ ድሪውና አምባሩ በሠርጉ ቀን በሽማግሌዎችና በሙሽራይቱ ዘመዶች ፊት እየተገለጠ ይታያል፤ ጎደለ የሚል ሰው ካለም በዚያው ይነገራል። ማጫ የሚባለው ደግሞ ሁለቱ ወገኖች አዲሱን ቤት ለማቋቋም የሚያዋጡት ሀብት ነው። የወንዱ አባት ይህን ያህል ከብት ወይም ይህን ያህል ገንዘብ እሰጣለሁ ሲል፣ የሴቲቱም አባት በበኩሉ መጠኑን ይናገራል። በሰማንያ የሚጋቡ ከሆነ ውሉ በምስክርና በዋስ ፊት ይጸናል።

ከዚህ ሌላ ጎረቤትና ዘመድ የሚያመጣው አለ። አንዱ በግ ይነዳል፤ አንዱ እህል ያስጭናል፤ አንዲቱ እንጀራና ጠላ ይዛ ትመጣለች፤ ገንዘብ ያለውም ገንዘብ ይሰጣል። በዳሱ ደጃፍ ፊደል የቆጠረ ጎረምሳ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጥና የእያንዳንዱን ሰጪ ስም ከነሰጠው ነገር ይጽፋል። ምንም የሌለው ሰው ደግሞ እንጨት ይፈልጣል፤ ውሃ ይቀዳል፤ ዳስ ይጥላል። የእርሱ ስም ግን ብዙ ጊዜ በደብተሩ አይገባም።

ይህ ደብተር ተራ ዝርዝር አይደለም። ባለ ሠርጉ በሣጥን ቆልፎ ያኖረዋል። የዛሬው ሰጪ ነገ ልጁን የሚድርበት ጊዜ ሲደርስ ደብተሩ ይገለጣል፤ በግ ያመጣ ሰው በግ ወይም ከበግ የማያንስ ነገር ይመለስለታል። ተቀባዩም ሲያመሰግን «ብድራችሁን ለመመለስ ያብቃን» ይላል እንጂ «ስጦታችሁ ደረሰን» ብሎ አያበቃም። እንግዲህ ስጦታው ብድር ነው፤ ብድሩም ዘመድን ከዘመድ ጋር አስሮ የሚያኖር ገመድ ነው። ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው የገጠሩን ሠርግ ሲያይ የብክነት ድግስ ብቻ ይመስለዋል። የሚያውቅ ግን በዚያ ዳስ ሥር ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የሚዘልቅ የእርስ በርስ መድን ሲዋዋሉ ያያል።

ማጫው በከብት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። በሬ የሌለው ጎጆ ወጪ መሬት ቢኖረውም መሬቱን ለሌላ ሰው አሳርሶ እኩሌታውን ከመብላት በቀር ምርጫ የለውም። አንድ በሬ ያለው ግን ሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር በመቀናጆ ያርሳል። የወንዱ አባት አንድ፣ የሴቲቱ አባት አንድ በሬ ከሰጡ ግን አዲሱ ቤት ጥማድ ሆኖ ይጀምራል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቀንበር ተጠምደው የሚታዩበት ከዚህ የሚበልጥ ምልክት ከወዴት ይገኛል?

ዳሩ ግን ዘመን ሲለወጥ የስጦታውም ነገር መለወጡ አልቀረም። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ፣ አባት ለሚያገባ ልጁ ከርስቱ ከፍሎ የሚሰጥበት አሠራር እንደ ቀድሞው ሊቀጥል አልቻለም። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተደረገው የመሬት ድልድል መሬት ያገኘ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሰው ወጣት ግን ከአባቱ ማሳ ጠርዝ ከመቆም በቀር ዕድሉ የጠበበ ሆነ። በዚህ ላይ ድርቁ አለ። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ችግር አባቶቻችን እስከ ዛሬ የዘመን መቁጠሪያ አድርገውታል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን ያቀፈውም የእህሉ ነገር አስተማማኝ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ብዙው ወጣት ቀለም የገባው በትምህርት፣ ጉልበት ያለው በቀን ሥራ ወደ ከተማ ይሄዳል።

በከተማ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በኪራይ ቤት የሚኖሩ መምህራን በሬ ቢሰጣቸው የት ያስሩታል? ዘመድም ይህን ስለሚያውቅ የቤት ዕቃ ያመጣል። ነገር ግን ሰጪው ከሰጪው ጋር ስለማይመካከር፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ አራት ብርድ ልብስ፣ ሦስት የብርጭቆ ስብስብ፣ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ተደርድሮ ይገኛል። እነዚህን ዕቃዎች ሙሽሮቹ ከካርቶናቸው ሳያወጡ ወደ ሌላ ሠርግ ይዘዋቸው ሲሄዱ ያላየ ሰው ያለ አይመስለንም።

ይህን ችግር ሌሎች ሕዝቦችም አይተውታል። በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ይገኝ የነበረው ማርሻል ፊልድስ የተባለው ታላቅ መደብር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም.፣ ሙሽሮች የሚፈልጉትን ዕቃ አስቀድመው የሚያስመዘግቡበትን የስጦታ መዝገብ እንደ ጀመረ ይነገራል። ሰጪው ወደ መደብሩ ሄዶ መዝገቡን ያያል፤ ያልተገዛውን ይገዛል፤ የተገዛው ይሰረዛል። ኋላም ሙሽሮች ቀድሞ በየራሳቸው ሲኖሩ ዕቃ ያሟሉ እየሆኑ ሲሄዱ፣ በመዝገቡ ላይ ድስትና ሳህን መጻፉ ቀርቶ የጫጉላ ሽርሽር ወጪ ይጻፍበት ጀመር። አንዱ የአውሮፕላኑን ቲኬት ይከፍላል፤ አንዱ የአንድ ሌሊት ሆቴል፤ አንዱ የአንድ ማታ ራት። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም እንዲህ ሲያደርጉ አይተናል፤ ከእነርሱም ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ወሬው ተሻግሯል።

እዚህ ላይ ስለ ጫጉላ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ዛሬ «የጫጉላ ሽርሽር» ስንል ወደ ሩቅ አገር መሄድን እናስባለን። በአገራችን ልማድ ግን ጫጉላ መሄድ ሳይሆን መቀመጥ ነው። ለሙሽሮች ተለይታ የምትሠራው ጎጆ ወይም የምትከለለው ጓዳ ናት ጫጉላ የምትባለው። ሙሽራይቱ ከሰው ዓይን ተሰውራ፣ ቅቤ እየተቀባች፣ የተለየ ምግብ እየቀረበላት፣ ሚዜዎች እየተላላኩ፣ ሁለቱ ከዚያ በፊት ሳይተዋወቁ የተጋቡ ቢሆኑ እንኳ የሚለማመዱባት ቦታ ነበረች። እንግዲህ አሮጌው ጫጉላ ሙሽሮችን ከዘመድ ሸሽጎ በዘመድ መካከል ያኖራቸዋል፤ አዲሱ ሽርሽር ግን በዘመድ ገንዘብ ከዘመድ ያርቃቸዋል። የክርክሩ ሥር ይህ ነው እንጂ የገንዘቡ መጠን አይደለም።

እኛ በጥር 2011 ዓ.ም. ለመጋባት ቀን በቆረጥን ጊዜ ይህ ክርክር በቤታችን ተነሣ። አሳባችን ዘመዶቻችን ዕቃ ከማምጣት ይልቅ ለጥቂት ቀን ጉዞ እንዲያዋጡልን ነበር። ዕቃ የምናኖርበት ቦታ አልነበረንም፤ ሁለታችንም ከትምህርት ቤትና ከሥራ ቦታ በቀር ያየነው አገር ጥቂት ነበር። ይህንኑ በሽማግሌ አስነገርን። የእስቴ ወገን ነገሩን በዝምታ ተቀበለው። በጋይንት ያሉት ታላቅ አጎታችን ግን ሽማግሌውን ትተው እኛኑ አስጠሩን።

«ልጆቼ» አሉን፤ «ጥጃ የሰጠ ሰው ጥጃዋ ላም ሆና፣ ላሟም ወልዳ ሲያይ ደስ ይለዋል። መንገድ የሰጠ ሰው ምኑን ያያል?»

«ጋሼ፣ እኛ ደስ ብሎን ስንመለስ ያያሉ» አልናቸው።

«ደስታችሁንማ ለብቻችሁ በልታችሁት ትመለሳላችሁ። የብድሩስ ነገር? ነገ ልጄን ስድር መንገድ ትመልሱልኛላችሁ? እኔ የት ልሄድበት?»

ለዚህ ጥያቄ ፈጣን መልስ አልነበረንም። ሰውዬው ገንዘብ ነፍገው አልነበረም የተናገሩት፤ ኋላ እንደምናወሳው፣ እርሳቸው ከማንም አብልጠው ሰጥተዋል። የጠየቁት በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ነገር የሚመለስ እንዲሆን ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ከተመካከርን በኋላ መፍትሔው ከራሳቸው ቃል ተገኘ። «መንገድ ከሆነ የምትሹት» አሉ፤ «መንገዱ ወደ እኛ ይሁን። አገራችሁን መች አያችሁና ነው የሰው አገር የምታዩት?»

እውነት ነበር። ከሁለታችን አንዳችንም ስማዳን ረግጠን አናውቅም ነበር። ጋይንት የተወለደው የእስቴን፣ እስቴ የተወለደችው የጋይንትን ዘመድ በስም እንጂ በመልክ አያውቁትም ነበር። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም የሚባል ጥንታዊ ደብር እንዳለ፣ በድጓ ትምህርት የሚመረቁ ሊቃውንት ማስመስከሪያም እንደ ሆነ ሰምተናል፤ አይተነው ግን አናውቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ቶማስ ፓከንሃም የተባለው ጸሐፊ ወደዚያ ደርሶ፣ በክብ የሣር ክዳን ሥር ተሰውራ የምትኖረውን በጥርብ ድንጋይ የታነጸች ቤተ ክርስቲያን ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ለጋይንት ካህናትና ምእመናን ግን አንድ ቀን እንኳ ተሰውራ አታውቅም። የባሕር ማዶ ሰው ያን ያህል ርቆ መጥቶ ካያት፣ የአገሩ ልጆች ሳናያት ወደ ሌላ ሽርሽር መሄዳችን የሚያስገርም ነበር።

ስለዚህ አንድ ደብተር ገዛን። በግራው ገጽ የመንገዱን ክፍል ጻፍን፤ በቀኙ ለሰጪው ስም ቦታ ተውን። ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ የሁለት ሰው መሳፈሪያ፤ በነፋስ መውጫ የአንድ ሌሊት ማደሪያና ራት፤ ወደ ቤተ ልሔም ሁለት በቅሎ፤ በአርብ ገበያ አንድ ማደሪያ፤ ለስማዳ መንገድ በሶና ቆሎ፤ በወገዳ ሁለት ሌሊት፤ በመካነ ኢየሱስ የመልስ ምሳ። ደብተሩ ከሠርጉ በፊት ከቤት ወደ ቤት ዞረ። ባለ ገንዘቡ መሳፈሪያውን ያዘ፤ ባለ በቅሎው በቅሎውን ያዘ። ያላሰብነው ነገር የሆነው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። በዱሮው ደብተር ስማቸው የማይገባ ሰዎች በዚህኛው ገቡ። አንድ እረኛ ልጅ «እስከ ወንዙ ድረስ መንገድ ማሳየት» ብሎ አስጻፈ። በስማዳ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት፣ ከአንዲት ጎጆና ከጥቂት ዶሮ በቀር ምንም የሌላቸው፣ «አንድ ሌሊት፣ መደቤን እለቃለሁ» ብለው አስጻፉ። አጎታችንም ምግቡንና ማደሪያውን ከያዙ በኋላ፣ «ወግ አይቀርም» ብለው አንዲት ጊደር ሰጡን፤ ለርቢም እርሳቸው ዘንድ እንድትቀር ተስማማን።

ጉዞው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በአውቶቡስም፣ በአይሱዙ መኪናም፣ በበቅሎም፣ በእግርም ሄድን። ነፋስ መውጫ ስሟን ያለ ምክንያት አላገኘችም፤ ሌሊቱን በአራት ጋቢ ተሸፍነን አደርን። ቤተ ልሔምን ተሳልመን፣ ከደጋው ወደ ታች ስንወርድ ገብሱ ቀርቶ የማሽላው አገዳ ያጋጥመን ጀመር። በየደረስንበት ቤት በመጀመሪያ የሚቀርበው እግር ውሃ ነው፤ ሁለተኛው እህል ውሃ ነው፤ ሦስተኛው የዘር ቆጠራ ነው። «የማን ልጅ ነሽ? የማን የልጅ ልጅ ነህ?» እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በዚህ መንገድ ሽማግሌዎች ከጋብቻችን በፊት የቆጠሩትን ዘር እኛ ከጋብቻችን በኋላ በዓይናችን አየነው። በስማዳዋ ባልቴት ቤት ያደርነውን ሌሊት አንረሳውም። እምዬ እያልን ነበር የምንጠራቸው። መደባቸውን ለቀውልን እርሳቸው ከምድጃው አጠገብ ቁርበት አንጥፈው ተኙ፤ እኛ እንተኛ ብንላቸው «ጽፌያለሁ እኮ» ብለው ተቆጡን።

ለተማሪዎችና ለሹማምንት የሚጠቅም አንድ የሕግ ነገር በዚህ አጋጣሚ ብናነሣ አይከፋም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213 በ1992 ዓ.ም. የወጣው፣ ተጋቢዎች በጋብቻቸው ቀን ያላቸውንና ከዚያም በኋላ በየግላቸው በስጦታ ወይም በውርስ ያገኙትን የግል ሀብታቸው ነው ይላል። ለሁለቱ በአንድነት የተሰጠ ስጦታ ግን ሰጪው ሌላ ካልተናገረ የጋራ ነው። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። አባቶቻችን ይህን ሕግ ሳይጽፉት በማጫ ያውቁት ነበር፤ በሬው የማን ወገን እንደ ነበረ የሚጠፋው ሰው የለም፤ ትዳሩ ቢፈርስ ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል። መንገድ ግን ከተጓዙት በኋላ የባል ወገን፣ የሚስት ወገን ተብሎ አይከፈልም። ባል እስቴን አይቷል፤ ሚስት ጋይንትን አይታለች፤ ይህን ማን ከማን ይነጥቃል? አጎታችን «ምኑን ያያል?» ብለው ለጠየቁት አንዱ መልስ ይህ ይመስለናል።

የብድሩም ነገር መንገድ አገኘ። የሰጡን ዘመዶች ልጆቻቸውን ሲድሩ፣ ሙሽሮቹ ባሕር ዳር መጥተው ጣናን ሊያዩ፣ በእኛ ቤት ሊያድሩ ተስማማን። በ2012 ዓ.ም. ሁለት ሙሽሮች ከጋይንት መጡ፤ ክፍላችንን ለቀንላቸው እኛ ሳሎን ተኛን፤ በጀልባም አሳፍረን ደሴቶቹን አሳየናቸው። በደብተሩም ላይ ከአባታቸው ስም አንጻር «ተመለሰ» ብለን ጻፍን።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ማንም አልጠበቀውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ። በከተማይቱና በአካባቢዋ በሕዝቡ ላይ የደረሰው በደል በሰብአዊ መብት ድርጅቶች ተመዝግቧል፤ እኛ ልንደግመው አንችልም። የአጎታችን ከብቶች ተነዱ። በስማችን የነበረችው ጊደር በዚያን ጊዜ ወልዳ ነበር፤ እርሷም ጥጃዋም ከተነዱት ጋር ሄዱ። አጎታችን፣ ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው አንድ ማታ ባሕር ዳር ከደጃችን ደረሱ።

ብዙ ቀን አልተናገሩም። የቡና ሥርዓት ሲደረግ ከመካከላችን ይቀመጣሉ፤ ስኒውን ተቀብለው ያስቀምጡታል። አንድ ቀን ግን «ያ ደብተር አለ?» አሉ። አመጣነው። እርሳቸው ዓይናቸው ስለ ደከመ እኛ እንድናነብ ነገሩን። የአንዱን ስም ስናነብ «እርሱ ደብረ ታቦር ነው» ይላሉ፤ የሌላውን ስናነብ «ልጁ ጋር አዲስ አበባ ገብቷል» ይላሉ፤ የሌላውን ስናነብ ዝም ይላሉ። እንዲህ እያልን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ደረስን። ለሽርሽር የተጻፈው ደብተር ያን ማታ የዘመድ መፈለጊያ ሆነ። በማግሥቱ ስልክ ያላቸውን ሁሉ ደወልንላቸው፤ ከነዚህም መካከል ሁለት ቤተ ሰቦች የሚገቡበት አጥተው ነበርና ወደ እኛ መጡ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ቢሆንም እነርሱ መደባቸውን ለቀው አሳድረውን ነበር።

የስማዳዋን ባልቴት ወሬ ያገኘነው ከዓመት በኋላ ነው። በሕመም ዐርፈዋል። የሰጡን ሌሊት በደብተሩ ላይ ሳይመለስ ቀርቷል። የልጅ ልጃቸው ለትምህርት ባሕር ዳር ስለ መጣች በበዓል ቀን ከእኛ ጋር ታድራለች፤ ይህም ከብድሩ ጥቂቱን ያቀለው ይሆናል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ግጭት ወዲህ፣ እንዲያ ያለ የአሥራ አንድ ቀን መንገድ ሙሽሮች እንደ ልባቸው የሚጓዙት ሊሆን አልቻለም። እኛ ያየነውን ልጆቻችን በሰላም እንዲያዩት እንጸልያለን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንባቢ «እንግዲያውስ በሬው ይቅር ማለታችሁ ነውን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። አይደለም። በማረስ ለሚኖር ጎጆ ወጪ በሬ ኑሮው ነው፤ ለእርሱ መንገድ ስጡት ብሎ መምከር የተራበን ሰው በዘፈን እንደ ማጥገብ ነው። ለእርሱ ዘመዱ ሁሉ ተባብሮ ጥማዱን ይሙላለት። በደመወዝ የሚኖሩ፣ ከአገራቸው የራቁ፣ ዕቃም የማያንሳቸው ሙሽሮች ግን ስጦታው በሌላ መልክ እንዲሆን ቢጠይቁ ነውር የለበትም እንላለን። ሆኖም ሦስት ነገር ቢያስቡ መልካም ይመስለናል።

አንደኛ፣ የሚጠይቁት ነገር ባዶ እጁን ያለው ዘመድ ሊሳተፍበት የሚችል ይሁን። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት የጥሪ ወረቀት፣ እረኛውንና ባልቴቷን ከሠርጉ ውጪ ያስቀራቸዋል። ሁለተኛ፣ የሰጪው ስም ይጻፍ፤ የሚመለስበትም መንገድ ይታሰብ። ብድር የሌለበት ስጦታ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የተቀበሉትን ሰዎች ብቻቸውን ይተዋቸዋል። ሦስተኛ፣ ሽርሽሩ ቢቻል አንድ ቀን እንኳ በዘመድ ደጅ ይለፍ። ባሕሩንና ተራራውን ማየት ደስ ያሰኛል፤ የራስን ወገን በየቤቱ ሄዶ ማየት ግን በክፉ ቀን የማንን ደጅ እንደሚያንኳኩ ያሳውቃል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በሚመጣው ጥር ለመጋባት ቀን የቆረጣችሁ ወጣቶች፣ መምህራንም ሆናችሁ ጸሐፊዎች፣ ሎሚውን እንዴት እንደምታካፍሉ አስቀድማችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር ተማከሩ። የሚቃወሟችሁ ሽማግሌ ካሉም ቃላቸውን እስከ መጨረሻው አድምጡ። ለእኛ መንገዱን ያሳዩን የተቃወሙን ሰው ነበሩና።